ሞርስ ተሽሮ ማን መጣ? የአማተር ሬዲዮ ማኅበራት ለምን ዝም አሉ?

ማኅበር ሲቀዘቅዝ በመጀመሪያ የሚፈለገው መድኃኒት ሳይሆን ተከሳሽ ነው። ይህ በእኛም ዘንድ የታወቀ ነው። ዛሬ ግን ለማየት የፈለግሁት ከፖለቲካም ከጎሳም የራቀ ማኅበር ነው፤ የአማተር ሬዲዮ ሰዎችን። እነዚህ ሰዎች ደመወዝ ሳይከፈላቸው፣ ለሙያው ባላቸው ፍቅር ብቻ ማስተላለፊያና አንቴና ያቆማሉ፣ የመንግሥት ፈተና አልፈው የጥሪ መለያ ይወስዳሉ፣ ከዚያም ፊቱን አይተውት ከማያውቁት የሩቅ ሰው ጋር በአየር ሞገድ ይገናኛሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በብዙ ከተሞች የእነዚህ ሰዎች ወርኃዊ ስብሰባ ሽበት የበዛበት፣ ወንበሩም የሳሳበት ሆኗል። ለምን? ሁለት ክሶች ይሰማሉ። አንዱ ወገን «ሞባይልና ኢንተርኔት ገደሉን» ይላል። ሌላው ደግሞ «ፈተናው ስለ ረከሰ ማንም ገባበትና ክብሩ ጠፋ» ይላል። በበኩሌ ሁለቱም ክሶች ከዋናው ጉዳይ የሸሹ ይመስሉኛል። ማኅበሩን የጎዳው በር አንኳኪ መጥፋቱ አይደለም። ያንኳኳውን አስገብቶ ሥራ የሚሰጠው ሰው መጥፋቱ ነው።

ከታሪኩ እንጀምር። በ1912 የወጣው የአሜሪካ የሬዲዮ ሕግ አማተሮችን ከ200 ሜትር በታች ወዳሉት ሞገዶች ገፋቸው። በዘመኑ አስተሳሰብ እነዚያ ሞገዶች ለረጅም ርቀት የማይረቡ ነበሩ። በ1914 ሂራም ፐርሲ ማክሲም እና ክላረንስ ተስካ በሃርትፎርድ ከተማ የአሜሪካን ሬዲዮ ሪሌይ ሊግን መሠረቱ። «ሪሌይ» ማለት ቅብብል ነው። የአንዱ መሣሪያ ከጥቂት ማይል በላይ በማይደርስበት ጊዜ መልእክቱን ጎረቤት ተቀብሎ ለቀጣዩ ያደርሰዋል። በ1923 ደግሞ የማይረባ ተብሎ በተጣለላቸው አጭር ሞገድ የአሜሪካና የፈረንሳይ አማተሮች አትላንቲክን ተሻግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጋገሩ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ማኅበሩ የተወለደው አንዱ ያለ ሌላው ምንም ማድረግ ስለማይችል ነበር። ትናንት የገባው ጎረምሳ ሳይቀር የቅብብሉ አንድ ዘለበት ነበረና የሚፈልገው ሰው ነበረው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ክስ እንመለስ። ሞባይል ገደለን ለሚሉት ዋናው ማስረጃ ጃፓን ናት። በጃፓን ዝቅተኛው የፈቃድ ደረጃ ሞርስ አይጠይቅም ነበርና ብዙ ሕዝብ ገባበት። በ1987 የወጣ ስለ በረዶ ሸርተቴ የሚተርክ አንድ የፍቅር ፊልም ወጣቶች ከመኪና ወደ መኪና በአማተር ሬዲዮ ሲያወጉ በማሳየቱ ፍላጎቱ ይበልጥ ናረ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተመዘገቡት ጣቢያዎች ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ደርሰው ነበር። ከዚያ ሞባይል መጣ፤ ቁጥሩም ዛሬ ከ400 ሺህ በታች ወርዷል። ታዲያ ይህ ምን ያስተምረናል? ብዙዎቹ የመጡት ስልክ ፍለጋ ነበር፤ ስልኩ ሲገኝ ሄዱ። ሞባይል የወሰደው ቀድሞውኑ ከሙያው ጋር ያልተቆራኘውን ሰው ነው። መጠየቅ ያለበት ያ ሁሉ ሕዝብ ደጁ ላይ በቆመበት ዘመን ስንቱ ከወሬ ወደ ሙያ ተሻገረ የሚለው ነው።

ሁለተኛው ክስ የፈተናው መቅለል ነው። አሜሪካ በ1991 ሞርስ የማይጠይቅ የመግቢያ ፈቃድ ሰጠች። በ2000 ለከፍተኛው ደረጃም የሚጠየቀው ፍጥነት በደቂቃ ወደ 5 ቃል ወረደ። በ2003 ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ጉባኤ ግዴታውን ለየአገሩ ውሳኔ ተወው፤ በ2007 አሜሪካ ጨርሶ ሻረችው። ያን ጊዜ የነበረው ክርክር ለሰሚ ይገርማል። አንዱ ወገን «ባለጌ ሁሉ ይወረናል» አለ፤ ሌላው «ወጣቱ ይጎርፋል» አለ። ሁለቱም አልሆነም። ባለጌም አልወረረም፣ ወጣትም አልጎረፈም። የአሜሪካ ባለፈቃዶች ቁጥር ከ700 ሺህ በላይ ነው፤ ይህም ከሞርስ መሻር በፊት ከነበረው አያንስም። ነገር ግን ፈቃዱ ለ10 ዓመት የሚያገለግል በመሆኑ መዝገቡ የሚናገረውንም፣ ዝም ያለውንም፣ አልፎ አልፎም ያረፈውን ሰው አንድ ላይ ይቆጥራል። በመዝገብ ብዛት መጽናናት እንግዲህ የትም አያደርስም።

ለመሆኑ በሩ ካልሆነ ችግሩ የት ነው? ከበሩ በኋላ ባለው ክፍል ነው።

በአማተሮች ዘንድ ጀማሪን እጁን ይዞ የሚያስተምር አንጋፋ «ኤልመር» ይባላል። ቃሉ ከሰው ስም የመጣ ነው፤ ማዕረግም ደመወዝም የለውም። ድሮ ይህን ሥራ የሚያግዙ ነገሮች ነበሩ። ሂዝኪት የተባለው ኩባንያ ተገጣጣሚ ሬዲዮ በሣጥን ይልክ ነበር፤ ከሣጥኑ ጋር የሚመጣው መመሪያ እያንዳንዱን ሽቦ የት እንደሚበየድ በተራ ያሳይ ስለነበር ራሱ አስተማሪ ነበር። ኩባንያው በ1992 የተገጣጣሚ ዕቃ ሥራውን ተወ። ዛሬ ጀማሪው ፈተናውን ያልፋል፣ ርካሽ የእጅ ሬዲዮ ይገዛል፣ የጥሪ መለያውን ይጠራል፤ የሚመልስለት ግን የለም። ወደ ስብሰባው ቢሄድ አንጋፎቹ ከ30 ዓመት በፊት ስለ ነበረ አንቴና ሲያወጉ ያገኛቸዋል። ማንም አልሰደበውም፤ ነገር ግን ማንም አልፈለገውም። ከስድብ ይልቅ ሰውን የሚያባርረው ይኸኛው ነው።

«አዲሱ ቴክኖሎጂ አድኖናል» የሚሉም አሉ። የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ጆ ቴይለር ከባልደረባው ስቲቭ ፍራንክ ጋር በ2017 ያወጣው ኤፍቲ8 የተባለው ዘዴ በጣም ደካማ ምልክትን ኮምፒዩተር እንዲያነብ ያደርጋል። በአፓርታማ የሚኖር፣ ትልቅ አንቴና መትከል የማይችል ሰው አህጉር ተሻግሮ ይሰማል። ይህን የሚያናንቁት አይገቡኝም። ሆኖም ልውውጡ በ15 ሰከንድ ተራ የጥሪ መለያ፣ የቦታ ምልክትና የጥንካሬ ቁጥር ነው፤ ሰላምታና ጨዋታ ማስገቢያ የለውም ማለት ይቻላል። ሞገዱ ሞላ፤ ጀማሪውን የሚያስተምር ሰው ግን በዚህ መንገድ አይገኝም።

ተስፋ የሚሰጥ ምሳሌ ከፈለግን ከአገራችን እንውሰድ። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ 5 ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ የተተከለ ነው። በ2010ዎቹ በዚያ ሬዲዮ የሚሠሩት በአብዛኛው ተማሪዎች ነበሩ። ከኢትዮጵያ የሚሰማ ጣቢያ ጥቂት ስለሆነ አንድ ተማሪ ማይክሮፎኑን ይዞ ሲጠራ ከአውሮፓም ከአሜሪካም ብዙ ድምፅ በአንድ ጊዜ ይመልስለታል። ያ ተማሪ መሣሪያው የራሱ አይደለም፣ የዓመታት ልምድም የለውም። ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተፈላጊ ነው። የ1914ቱ የቅብብል ዘመን ምስጢርም ይኸው ነበር።

መፍትሔው እንግዲህ ከዚህ ይነሳል።

አንደኛ፣ ማኅበሩ የሚለካው ባወጣው ፈቃድ ሳይሆን የመጀመሪያ ግንኙነታቸውን ባደረጉ ጀማሪዎች ቁጥር ይሁን። ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው አንድ በስም የታወቀ አንጋፋ ይመደብለት፤ «ሁላችንም እናግዝሃለን» ማለት ማንም አያግዝህም ማለት ነውና።

ሁለተኛ፣ ቦታ ይለወጥ። ከ1933 ጀምሮ በየዓመቱ በሰኔ ወር «ፊልድ ዴይ» የሚባል ዝግጅት አለ፤ አማተሮች ሜዳ ወጥተው ጣቢያ ያቆማሉ። በዚያ ዕለት ጀማሪው ማይክሮፎኑን ይያዝ፤ አንጋፋው አጠገቡ ተቀምጦ መዝገቡን ይጻፍ። አሁን በብዙ ቦታ የሚታየው የተገላቢጦሽ ነው፤ ወጣቱ ገመድ ይጎትታል፣ አረጋዊው ያወራል።

ሦስተኛ፣ በእጅ የሚሠራ ነገር ይመለስ። ሣጥኑን ኩባንያ ካልላከው አንድ ቀላል አንቴና ለመሥራት የሚበቃ ሽቦና መበየጃ ከማኅበሩ መዋጮ ይገዛል።

«አንጋፎቹ ደክመዋል፤ ለዘመናት ያገለገሉትን ለምን ትወቅሳለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እነዚህ ሰዎች በገዛ ገንዘባቸውና ጊዜያቸው ማኅበሩን እዚህ አድርሰውታል። የምጠይቃቸው ግን ተጨማሪ ድካም አይደለም። በእጃቸው ያለውን ማይክሮፎን በሕይወት እያሉ እንዲያቀብሉ ብቻ ነው።

በስደት ላይ ያለን እኛስ? በየከተማው ያቋቋምናቸው የባህልና የንባብ ማኅበራት፣ የቋንቋ ትምህርት ቤቶች ለምን እንደ ሳሱ ስንነጋገር «ልጆቻችን ፈረንጅ ሆኑ» እንላለን። የመጣውን ልጅ ወንበር ከማስደርደር ያለፈ ምን ሥራ ሰጠነው? በሚቀጥለው ስብሰባችን አጀንዳውን የሚያወጣው፣ መድረኩን የሚመራው ከ25 ዓመት በታች የሆነ ሰው እንዲሆን እንሞክረው። ይሳሳታል፤ እኛም አጠገቡ አለን። ከዚያ በኋላ ስለ ተከሳሹ ብንነጋገር ይሻላል።

ቸር እንሰንብት።