የከብት ነቀርሳ ምርምርና ዓለም አቀፍ ትብብሩ፦ ጥያቄውን የሚመርጠው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 «ሳይንስ» በተሰኘው መጽሔት የታተመውና አበበ ፍሮምሳ በመጀመሪያ ጸሐፊነት ከአዲስ አበባ፣ ከካምብሪጅና ከፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች ባልደረቦቻቸው ጋር ያቀረቡት ጥናት፣ በሀገራችን ከተካሄዱት የእንስሳት ጤና ሙከራዎች መካከል በጥንቃቄ ከተነደፉት አንዱ ነው። ቢ.ሲ.ጂ. የተከተቡና ያልተከተቡ ጥጆች በተፈጥሮ ከተያዙ ከብቶች ጋር እንዲቆዩ ተደርጎ፣ ቀጥሎም እነዚሁ ጥጆች በተራቸው በሽታውን ለሌሎች ጤነኞች ያስተላልፉ እንደሆነ ተፈትኗል። ክትባቱ ከብቱን ከመያዝ ከመከላከሉም በላይ፣ ተከትቦ የተያዘው እንስሳ እንኳ የማስተላለፍ አቅሙ መዳከሙ ታይቷል፤ በድምሩ የበሽታው መተላለፍ በ89 በመቶ ቀንሷል። ቀደምት ሙከራዎች በአብዛኛው ክትባቱን የመዘኑት በተከተበው እንስሳ አካል ላይ በሚገኘው ቁስል መጠን ስለነበር፣ ይህ የጥናት ስልት በራሱ ትልቅ እርምጃ ነው።

ውጤቱ ለእኛ ለምን እንደሚጠቅም ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ጥናት የቆዳ ምርመራ ከተደረገላቸው ከብቶች መካከል በበሽታው ተይዘው የተገኙት ከሆልስታይን ዝርያ 22.2 በመቶ፣ ከሀገረሰቡ ዝርያ ደግሞ 11.6 በመቶ ነበሩ። ወተት ለማብዛት የምናስፋፋው ዝርያ ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጠው መሆኑ ነው። የበለጸጉት ሀገሮች መርምረው የተያዘውን እያረዱ፣ ለባለቤቱም ካሣ እየከፈሉ በሽታውን ተቆጣጥረዋል። ኑሮውን በሁለትና በሦስት ላሞች ላይ የመሠረተ አርቢ ግን ያለ ካሣ ላሙን አሳልፎ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ይሁንና ለሐኪሙ የሚቀረው ጥያቄ ሌላ ነው። በሀገራችን የንፍፊት ነቀርሳ መብዛቱ ከጥሬ ወተት ጋር ተያይዞ ሲነገር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውና 964 የሕሙማን ናሙናዎችን በሞለኪውል ደረጃ የመረመረው ጥናት ግን፣ የንፍፊትና የሳንባ ነቀርሳ አምጪ ተሕዋስያን ስርጭታቸው ተመሳሳይ መሆኑንና የከብቱ ተሕዋስ፣ ማይኮባክቴሪየም ቦቪስ፣ ድርሻው እጅግ አነስተኛ መሆኑን አሳየ። ይህ የተገኘው በዓለም አቀፍ ትብብር መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ የራስን መነሻ ግምት የሚያፈርስ ውጤት ማሳተም የሚያስመሰግን ነው። (ወተት ማፍላቱ እንዲቀር አይመከርም፤ ብሩሴሎሲስ አለና።)

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 የሰውና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ተሰብስበው ለሀገሪቱ ቅድሚያ የሚገባቸውን አምስት በሽታዎች ሲመርጡ፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ አባሰንጋ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ሌፕቶስፓይሮሲስና ኢኪኖኮኮሲስ ተመረጡ። የከብት ነቀርሳ ከአምስቱ አልገባም። በዚያው ወቅት ግን የብሪታንያ መንግሥት ከእንስሳት ወደ ሰው ለሚተላለፉ በሽታዎች ጥናት ከመደበው ገንዘብ የኢትዮጵያ የከብት ነቀርሳ ምርምር ድርሻውን አግኝቶ ነበር። ብሪታንያ በገዛ መንጋዋ ላይ በዚሁ በሽታ ለብዙ ዓመታት ስትቸገር መኖሯ የታወቀ ነው። ነገሩን እንደ ተንኮል አልቆጥረውም፤ ገንዘብ የያዘ ወገን የሚያስጨንቀውን ይጠይቃል። የምነቅፈው የእኛን ወገን ዝምታ ነው። በውሻ የተነከሰ ሕፃን ይዘው ለሚመጡ ወላጆች ጤና ተቋሞቻችን ለአሥርተ ዓመታት ሲሰጡ የኖሩት፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንዲቀር ያሳሰበውን ከበግ አንጎል የሚሠራ ክትባት ነበር። ለዚህ ችግር መፍትሔ ለማግኘት ረቂቅ የዘር ምርመራ አያስፈልግም ነበር፤ ምናልባትም የውጭ ተመራማሪዎችን ያልሳበው ለዚሁ ነው።

ወደ 2024ቱ ጥናት ስመለስ፣ ጽሑፉ ክትባቱ መሥራቱን አሳይቷል፤ የሚያመርተው ማን እንደሆነ፣ አርቢው ስንት እንደሚከፍልና ክትባቱ የቆዳ ምርመራውን ሲያሳስት የተከተበውን ከተያዘው የሚለየውን መመርመሪያ ከየት እንደምናገኝ ግን ሌላ ሥራ ይጠይቃል። ቀጣዩ የትብብር ውል ሲፈረም ቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ስሙ ሊገባ ይገባል።