የተሻሻለው ሲጎድል፦ በኮምፒውተር የሥራ ገበታ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ በዋናው መንገድ ዳር ከሚገኙት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ ጥቂት ለቈየ ሰው፣ ማመልከቻ በሚያስጽፈው ባለጉዳይና የመመረቂያ ጽሑፉን በሚያስጠርዘው ተማሪ መካከል አንድ ዐይነት እሮሮ መስማት እንግዳ ነገር አይሆንበትም። «አዲሱ ዊንዶው ከተጫነ ወዲህ ፊደሉ ተበላሸ፤ በጎን የነበረችውም ወደ ታች ወርዳ ቀረች» ይባላል። እሮሮው እውነትነት አለው። ነገር ግን ጉዳዩን በወጉ ለመጻፍ፣ ለባለሙያ ለማስረዳትም ሆነ በመዝገበ ቃላት ለማስፈር ሲፈለግ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ በአማርኛ የሚያቀርብልን ቃላት ተበዳዩን የሚያግዙ ሆነው አላገኘናቸውም። የምንተቸውም እነዚህን ቃላት ነው።

አስቀድመን የጎደለው ምን እንደ ሆነ እንይ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዊንዶውስ 8 በማያው ግራ ጥግ ለዓመታት የኖረውን የ«ጀምር» ቍልፍ አንሥቶት ነበር፤ ተጠቃሚው አጥብቆ ስላማረረ በ2013 በዊንዶውስ 8.1 ተመለሰ። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ በታች ያለውን መደዳ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን የማዛወርን ፈቃድ ነሣ። የተከፈቱትን ሰነዶች በየስማቸው ለያይቶ በመደዳው ላይ ማሳየትም አብሮ ቀረ፤ ይህ የኋለኛው የተመለሰው በ2023 ነው። ዐሥር ማመልከቻ በአንድ ጊዜ ከፍቶ ለሚሠራ ጸሓፊ ነገሩ ቀላል አይደለም። የማን ማመልከቻ የት እንዳለ በስሙ ያይ የነበረው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ እየገለጠ መፈለግ ግድ ሆነበት።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የፊደሉ ነገር ነው። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ለግዕዝ ፊደል «ኒያላ» የተባለውን የፊደል ቅርፅ ይዞ መጣ። (ስሙ የተወሰደው ከደጋ አጋዘን ነው፤ እንስሳው የእኛ፣ ፊደሉም የእኛ ሆኖ ሳለ የአማርኛ ስሙ ለምን እንደ ተዘለለ እኛም እንጠይቃለን።) በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲወጣ ኒያላ ከመደበኛው ጭነት ወጥቶ፣ ለፈለገ ብቻ የሚጨመር ተጓዳኝ ሆነ። በኒያላ የተጻፈ ሰነድ ኒያላ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት በሌላ ቅርፅ ይተካል፤ የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይሰበራል፣ ገጹ ይገፋል፣ ማውጫውና ገጹ ሳይገናኙ ይቀራሉ። መድኀኒቱ አማርኛን ከኮምፒውተሩ ቋንቋዎች ጋር መጨመርና ተጓዳኙን ከኢንተርኔት ማውረድ ነው፤ ኢንተርኔት ለተቋረጠበት ቤት ግን ይህ መድኀኒት ሩቅ ነው። በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ቅርፆች የተጻፉት ሰነዶች ዕጣ ከዚህም የከፋ ነው። እነዚህ የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት መለያ ቍጥር ላይ ያሳደሩ ስለ ነበሩ፣ ቅርፁ ከአዲሱ ጭነት ጋር ካልተመለሰ የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ሆኖ ይታያል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ጉድለት የሚሸፍነው ቃል «ማሻሻል» ነው። «አሻሻለ» የ«ተሻለ» ዘር እንደ መሆኑ መጠን ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቶ የሚመጣ ቃል ነው። «ኮምፒውተሬ ተሻሻለና ባሰበት» የሚል ሰው በራሱ አንደበት ራሱን ይቃረናል፤ ሰሚውም ይስቅበታል እንጂ አያዝንለትም። «ማዘመን» ከዚህ ይሻላል እንላለን። ከ«ዘመን» «ዘመናዊ» የሚለው ምስጋና እንደ ወጣ ሁሉ «ዘመን አመጣሽ» የሚለው ነቀፋም ወጥቷልና፣ ፍርዱን ለተጠቃሚው ይተዋል።

ሆኖም ከሁለቱም የሚበልጠው ጸሓፊዎቹ ከማንም ሳይማሩ የያዙት «ጫነ» ነው። «አዲሱን ዊንዶው አስጫንሁ» የሚለው ሰው የተደረገውን ብቻ ይናገራል፤ ይሻል ይክፋ ገና አልተናገረም። የዚህ ቃል ሌላው ብልጫ ጓደኛ ያለው መሆኑ ነው። «አራገፈ» የሚለው ቃል በእጅ ስልኮች አማርኛ የተጫነን ፕሮግራም ለማስወገድ አስቀድሞ ገብቷል። በአጋሰስ ላይ አዲስ ጭነት የሚጭን ነጋዴ የቀድሞው ጭነት ሲራገፍ ቆሞ ያያል፤ መሬት የቀረውንም ቈጥሮ ያነሣል። የኮምፒውተሩ ባለቤት ግን የተራገፈበትን የሚያውቀው መንገድ ከጀመረ በኋላ ነው። ስለዚህ «ሲጫን የተራገፈ» የሚለው ሐረግ ለዚህ ጉድለት የተሰፋ ልብስ ሆኖ አግኝተነዋል።

ሁለተኛው ነቀፌታችን «ባሕርይ» በሚለው ላይ ነው። በስልክም በኮምፒውተርም አማርኛ አንድ ፕሮግራም የሚሰጠው እያንዳንዱ ጥቅም «ባህሪ» ተብሎ ተጽፎ ይገኛል። የሆሄው መለዋወጥ ይቅርና ትርጕሙ ራሱ አይቀበለውም። ባሕርይ የነገሩ ተፈጥሮ ነው፤ እሳት ማቃጠሉ ባሕርይው ነው፤ ይህ ከተወሰደበት እሳት መሆኑ ይቀራል። በአንዱ ዓመት ተሰጥቶ በሌላው የሚነሣ፣ ሲጮኹበትም የሚመለስ ነገር በምን መንገድ ባሕርይ ይባላል? ጸሓፊው «ባሕርይው ጠፋ» ብሎ ቢያመለክት፣ ሰሚው የሰው ጠባይ የተለወጠ ይመስለዋል። እኛ በምትኩ «መገልገያ» የሚለውን እናቀርባለን። መገልገያ ሊሰጥም ሊነሣም ይችላል፤ የተነሣበትም ሰው «መገልገያዬ ተወሰደ» ቢል ነገሩ ግልጽ ነው።

ነቀፌታ ብቻ እንዳይሆን፣ «አሞሌ»ን እናመሰግናለን። የታችኛው መደዳ «የተግባር አሞሌ»፣ በኢንተርኔት መመልከቻ ላይ ያለው ደግሞ «የአድራሻ አሞሌ» ተብሏል። ከአፋር ቈላ ተቈርጦ በገበያ እንደ ገንዘብ ይዘዋወር የነበረው የጨው አሞሌ፣ ረዘም ያለ ቅርፁ ለዚህ ነገር እጅግ ተስማሚ ነው፤ መገበያያነቱ ከቀረም በኋላ ቃሉ አዲስ ሥራ አገኘ። የጽሕፈት ቤት ሰዎች ግን «ከታች ያለችው» ማለቱ ይቀናቸዋል። ዊንዶውስ 11 አሞሌውን ከታች ቸንክሮ ባቆመው ጊዜ የእነርሱ ስያሜ ከተርጓሚዎቹ ይልቅ ልክ ሆኖ መገኘቱን ሳንጠቅስ አናልፍም።

«ዴስክቶፕ» እንዲሁ በባዕድ ስሙ መቅረቱ ያሳዝናል። «በሥራ ገበታው ላይ ተገኘ» እያለ የሚጽፍ ቋንቋ፣ ሥራ ሁሉ የሚቀርብበትን ይህን ገጽ «የሥራ ገበታ» ለማለት ምን ይቸግረዋል?

በዚህ ሁሉ በአሮጌው ጭነት እንቈይ ማለታችን አይደለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የጥበቃ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ከዚህም ሌላ በመስከረም 2021 የወጣው 14ኛው የዩኒኮድ ዕትም ለጉራጌ ቋንቋዎች ጽሕፈት የሚያስፈልጉ 28 ፊደላት ጨምሯል፤ እነዚህን የያዘ የፊደል ቅርፅ በሌለው ኮምፒውተር ላይ በቦታቸው የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው። ስለዚህ በወልቂጤ በአንዱ ጠረጴዛ ላይ ጉራጌኛ ለሚጽፈው አዲስ መጫን ትርፍ ሊሆን፣ አጠገቡ የቈየ የአማርኛ ውል ለሚያስከፍተው ደግሞ ኪሳራ ሊሆን ይችላል፤ «ማሻሻል» ለሁለቱም የሚሆን ቃል አይደለም። ጉራጌኛውም የራሱን ቃላት ሲመርጥ የአማርኛውን ስሕተት እንዳይገለብጥ፣ የመጫንና የማራገፍ ቃላት በየዘዬው ከወልቂጤና ከቡታጅራ ገበያተኞች አንደበት ቢሰበሰቡ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በሦስት ቅጽ ከታተመው ከቮልፍ ሌስላው የጉራጌ ሥርወ ቃል መዝገብ ጋርም ቢተያዩ መልካም ነው እንላለን።