የኳርትዝ ፈትል

በመካነ ሰላም ከተማ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ቀና ብሎ ያየ ሰው ከጠራው ሰማይና ከሚዞረው አሞራ በቀር የሚታየው ነገር የለም። ከአሞራው በላይ ግን፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ወርዱ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከደንቆሮ ጫካ እስከ ዓባይ ሸለቆ ያለው አገር ሁሉ ከሥሩ ነው። ሳይድኒ ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1951 ኤሌክትሮጄት ብሎ ስም አወጣለት።

ጅረቱ እዚህ ላይ የሚበረታው ያለ ምክንያት አይደለም። የፀሐይ ጨረር የላይኛውን አየር ኤሌክትሮንና አዮን አድርጎ ይለያየዋል፤ ፕላዝማ የሚባለው ይህ ነው። በዚያ ከፍታ አዮኖቹ ከአየሩ ጋር እየተላተሙ አብረውት ይነዳሉ፣ ኤሌክትሮኖቹ ግን በመሬት መግነጢስ መስመር እንደታሰሩ ናቸው። እዚህ አገር ደግሞ ያ መስመር ጋደም ያለ ነው። በአውሮፓ የኮምፓስ መርፌ አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፋል፤ እኛ ዘንድ ቢለቁት አግድም ተኝቶ ይቀራል። በዚህ የተነሳ ወደ ላይና ወደ ታች መውጫ ያጣው ቻርጅ ይጠራቀምና ጅረቱን ከጎን መልሶ ይገፋዋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ጅረቱ ሳይሆን እሱን ይለካ የነበረው ክር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመግነጢስ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1958፣ በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በአባ ፒየር ጉዌን እጅ ሥራ ሲጀምር፣ በዓለም ላይ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች የሚታመኑት በአንዲት ትንሽ መግነጢስ ነበር። መግነጢሷ ከኳርትዝ ክር ትንጠለጠላለች፣ የጅረቱ መግነጢሳዊ ኃይል ሲገፋትም ትዞራለች፤ ጀርባዋ ላይ ጥፍር የምታህል መስታወት አለች፤ መስታወቷ የብርሃን ነጥብ ታንጸባርቃለች፤ ነጥቡም በቀስታ በሚዞር የፎቶ ወረቀት ላይ መስመር ይጽፋል። የጣቢያው ቤት ውስጥ የብረት ምስማር የለም፣ ሁሉም ናስና መዳብ ነው። የሚገባውም ሰው ሰዓቱንና ቁልፉን ደጅ ያኖራል።

ክሩን ለመለኪያ እንዲሆን አድርጎ የሠራው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቦይስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1887 መሆኑ ነው። ኳርትዙን በእሳት አቀለጠ፣ ጫፉን ከገለባ በተሠራች ፍላጻ ላይ አጣበቀ፣ ከዚያ በቀስት አስፈነጠራት። ፍላጻዋ ክፍሉን አቋርጣ ስትበር የቀለጠው ኳርትዝ ሳይረጋ ከኋላዋ እየተሳበ ቀጠነ፤ ዓይን የማይለየው ክር ሆነ። (የፊዚክስን ሰው ቀስት ማን አስተማረው?)

እናቴ ባዘቶዋን በግራ እጇ ይዛ እንዝርቷን ስታሾር አይቻለሁና የክር ነገር ትንሽ ይገባኛል። ጥጥ ጉልበቱ ክረቱ ላይ ነው፣ ካልከረረ ይበጠሳል። ይህኛው ግን የሚፈለገው አልከርም ስለሚል ነው፤ መግነጢሷ ልታከረው ስትሞክር እምቢ የሚልበት ልክ ራሱ መለኪያው ነው። ሐር ተጠምዝዞ ሲለቀቅ ትንሽ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፣ የብረት ሽቦም ጠማማነቱን ይለምዳል፤ ኳርትዝ አይለምድም። የሚለካው ነገር ቅንጣት ነውና ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፦ አዲስ አበባ ላይ የመሬት አግድም መግነጢስ 36,000 ናኖቴስላ ገደማ ሲሆን፣ የእኩለ ቀኑ ጅረት የሚጨምርበት 100 ናኖቴስላ ያህል፣ ማለትም ከ300 አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ነው።

ዛሬ ቦታውን የተጠመጠመ የመዳብ ሽቦና ኤሌክትሮኒክስ ወስዶታል፤ ተመራማሪዎችም የአዲስ አበባውን ንባብ ከጅረቱ ውጭ ካለው ከአዲግራቱ ጣቢያ ንባብ ጋር አቀናንሰው ትራፊውን የጅረቱ አድርገውታል። ሥራው ይበልጥ ትክክል ነው፣ ለዓይን ግን አያምርም።

በድሮው ወረቀት ላይ ግን መስመሩ ከማለዳ ጀምሮ ይወጣል፣ 5 ሰዓት ላይ ጫፍ ይደርሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይወርዳል። ፀሐይ ከዓባይ ማዶ ስትጠልቅ ጅረቱ ይከስማል፣ መግነጢሷም ትለቃለች፤ ክሩ ያን ጊዜ ነጥቡን ማለዳ ወደነበረበት ይመልሰዋል።