ሳይነካኩ የሚያቀራርብ ጨዋታ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ በኢሉባቦር የሚገኙት የመቱ፣ የጎሬና የያዮ ሕፃናትም ማኅበራዊ ክህሎትን፣ ማለትም ተራ መጠበቅን፣ ማዳመጥንና የሌላውን ስሜት መረዳትን፣ አብረዋቸው ከሚለማመዱ እኩዮቻቸው ተለዩ። ርቀትን ጠብቆ ይህን ክህሎት ለማስተማር ግን የኢሉባቦር ቤተሰብ ከየትኛውም አዲስ ዘዴ የማይተናነስ ሀብት አለው፤ እርሱም በአፋን ኦሮሞ ሂቦ፣ በአማርኛ እንቆቅልሽ የሚባለው የቃል ጨዋታ ነው።

በአማርኛው ልማድ ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል መላሹ «ምን አውቅልህ» ብሎ ዝግጁነቱን ስለሚገልጽ፣ ጥያቄው የሚቀርበው አድማጩ ጆሮውን ከሰጠ በኋላ ብቻ ነው፤ ይህ ሥርዓት፣ ሌላውን አቋርጦ መናገር ለሚቀናው የአምስት ዓመት ሕፃን፣ እጅግ የሚደነቅ ሥልጠና ነው። መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ሲባል አንድ ከተማ ሰጥቶ ሽንፈቱን ያለ ቁጣ መቀበልን ይለማመዳል፤ አሸናፊውም፣ ሌላ አገር ይሻለኛል እያለ ቢያማርጥም እንኳ፣ አንዱን ከተቀበለ በኋላ መልሱን ለተሸናፊው መግለጽ ይጠበቅበታል። ጨዋታው ዕቃ መቀባበልንም ሆነ መነካካትን ስለማይጠይቅ፣ በአጥር ማዶ ካለ የጎረቤት ልጅ ጋርም ሆነ ሩቅ ካለች አያት ጋር በስልክ፣ ምንም ሳይጎድልበት ሊካሄድ ይችላል።