ፎርማት ከመደረጉ በፊት፦ በአሮጌ ኮምፒውተር አልከፈት ያለን ኢሙሌተር ስለ መመርመር

ኢሙሌተር አንድን ኮምፒውተር እንደ ሌላ፣ ብዙውን ጊዜም እንደ ቀድሞ ዘመን ኮምፒውተር እንዲሠራ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። የቀድሞውን ማሽን ፕሮሰሰር፣ ሜሞሪ፣ ስክሪንና ኪቦርድ በሶፍትዌር አስመስሎ ስለሚያቀርብ፣ ለዚያ ማሽን የተጻፈ ፕሮግራም ማሽኑ መለወጡን ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል። በኢትዮጵያ ከተሞች ይህ ዓይነቱ ፕሮግራም በይበልጥ የሚታወቀው ወጣቶች የፕሌይስቴሽን ጨዋታዎችን በኮምፒውተር ለመጫወት ሲጠቀሙበት ቢሆንም፣ ለአማርኛ ጽሑፍ ያለው ጥቅም ከጨዋታ የሰፋ ነው፤ ምክንያቱም ከዩኒኮድ በፊት በኮምፒውተር ከተጻፈው አማርኛ ከፊሉ፣ የተጻፈበት ፕሮግራም ካልተከፈተ በቀር የማይነበብ ሆኖ በአሮጌ ዲስኮች ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ኢሙሌተሩ አልከፈት ሲል የሚቀረው ጨዋታ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወይም የአንድ አካባቢ ታሪክ ረቂቅ አብሮት ይቀራል።

የችግሩ ሥር ያለው በፊደሉ ብዛትና በቀድሞዎቹ ማሽኖች አቅም መካከል በነበረው አለመመጣጠን ነው። ዶስ በተባለው የማይክሮሶፍት ሥርዓት ዘመን የጽሑፍ ስክሪን በተለመደው አሠራሩ በአንድ ጊዜ የሚይዘው 256 ምልክቶችን ብቻ ነበር። 33ቱ መሠረታዊ ፊደላት በሰባት ቅርጽ ሲቆጠሩ ብቻቸውን 231 ይሆናሉ፤ በዚህ ላይ ዲቃላ ፊደላት፣ የግዕዝ አኃዞች፣ ሥርዓተ ነጥቦችና የላቲን ፊደላት ሲጨመሩ ከቦታው ያልፋሉ። ዶክተር አበራ ሞላንና ፍስሐ አትላውን የመሳሰሉ ኢትዮጵያውያን በውጭ አገር ሆነው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይህን ለመፍታት ደክመዋል። በኋላ በዊንዶውስ ላይ የመጡት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ በማስቀመጥ የአገሪቱን ቢሮዎችና ማተሚያ ቤቶች ለዓመታት አገልግለዋል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ለዓለም ጽሑፎች ሁሉ የጋራ በሆነው የኮድ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው ዕትም ሲሆን፣ ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የዩኒኮድ ግዕዝ ፎንት ይዞ ለተራው ተጠቃሚ የቀረበው በ2007 ቪስታ ከተባለው ዕትሙ ጋር ነው። ከእነዚህ ዓመታት በፊት በዊንዶውስ የተጻፈ ሰነድ ብዙውን ጊዜ ትክክለኛው ፎንት ሲጫን ይነበባል፤ በዶስ ፕሮግራም የተጻፈው ግን ፕሮግራሙን ራሱን ይፈልጋል፤ ኢሙሌተር የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው።

ይህ ጉዳይ ከአዲስ አበባ ይልቅ በትንንሽ ከተሞች ይከብዳል። አሊዩ አምባ ከአንኮበር ከፍታ በታች፣ መሬቱ ወደ አፋር ቆላ በሚያዘቀዝቅበት ተዳፋት ላይ የምትገኝ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ ከታጁራ የሚነሣው የሲራራ ንግድ ወደ ሸዋ ሲገባ የሚያርፍባት የገበያ ከተማ ነበረች፤ ብዙ ታሪክ ያለው ቦታ ብዙ ሊጻፍለትና የተጻፈለትም ሊጠበቅለት ይገባል። በእንዲህ ዓይነት ከተማ አንድ ኮምፒውተር ከቢሮ ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ጽሕፈት አገልግሎት መስጫ እየተላለፈ ረጅም ዕድሜ ያገለግላል፤ መብራት ይቋረጣል፤ ፋይል በፍላሽ ይዘዋወራል፤ መለዋወጫና የተሻለ ባለሙያ ለማግኘት ዳገቱን ወጥቶ በአንኮበር በኩል እስከ ደብረ ብርሃን መሄድ ያስፈልጋል። ማሽኑን በአዲስ መተካት ቀላል በማይሆንበት ቦታ ያለውን ማሽን በትክክል መመርመር የሙያው ዋና ክፍል ይሆናል።

በጥገና ሥራ ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ፤ እርሱም ያልገባ ችግር ሁሉ «ፎርማት ይደረግ» ተብሎ መደምደሙ ነው። ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደገና መጫን፣ ለአንዳንድ ብልሽቶች ትክክለኛ መድኃኒት ቢሆንም፣ አልከፈት ላለ ኢሙሌተር ግን ብዙ ጊዜ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ፕሮሰሰሩ የማይችለውን ትእዛዝ ፎርማት አያስችለውም። ይልቁንም የማሽኑ የግራፊክስ ድራይቨር፣ ማለትም የስክሪን ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ በፎርማት ስለሚጠፋ፣ አስቀድሞ ይከፈት የነበረ ኢሙሌተር ከፎርማት በኋላ የማይከፈትበት ጊዜ አለ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ማንም መጠባበቂያ ያልያዘላቸው አሮጌ ፎንቶችና ሰነዶች አብረው መጥፋታቸው ነው።

ስለዚህ የምርመራው የመጀመሪያ ደረጃ ኢሙሌተሩን መንካት ሳይሆን ሰነዶቹን፣ ፎንቶቹንና አሮጌውን ፕሮግራም ከነሙሉ ፎልደሩ ቢያንስ ወደ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች መገልበጥ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ያልተለመደ ድምፅ የሚያሰማ ወይም ፋይል ለመክፈት የሚዘገይ ከሆነ ይህ ደረጃ ለሌላ ቀን ሊተላለፍ አይገባውም። ከዚያ በኋላ ባለሙያው አለመከፈቱ በምን መልክ እንደተገለጠ ለይቶ ያያል። ዊንዶውስ ራሱ መልእክት አውጥቶ ፕሮግራሙን ከከለከለ፣ ፕሮግራሙ ገና ወደ ሜሞሪ አልገባም። አንድ ፋይል እንደጎደለ የሚገልጽ መልእክት ከወጣ፣ ገብቶ የሚፈልገውን ረዳት አጥቷል። መስኮቱ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ወይም ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ ፕሮግራሙ ሥራ ጀምሮ በመካከል ወድቋል። እነዚህ ሦስት መልኮች ወደ ሦስት የተለያዩ ምክንያቶች ስለሚመሩ፣ መልእክቱን ሳያነብ «እሺ» የሚለውን የሚጫን ሰው ማሽኑ በነጻ የሰጠውን መረጃ ይጥላል።

በመጀመሪያው መልክ ተደጋግሞ የሚገኘው ምክንያት የቢት ልዩነት ነው። ቢት እዚህ ላይ ፕሮሰሰሩና ዊንዶውሱ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግዱትን የመረጃ ስፋት ይገልጻል፤ ለ64 ቢት የተዘጋጀ ፕሮግራም በ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ ፈጽሞ አይከፈትም፤ የማሽኑ ፕሮሰሰር 64 ቢት ቢሆን እንኳ የተጫነው ዊንዶውስ 32 ከሆነ ውጤቱ ያው ነው። ሌላው የዊንዶውሱ ዕድሜ ነው፤ አዳዲስ ኢሙሌተሮች ዊንዶውስ ኤክስፒን ብቻ ሳይሆን ዊንዶውስ 7ንም እየተዉ መጥተዋል። እዚህ ላይ መፍትሔው ማሽኑን ማስገደድ ሳይሆን ለማሽኑ ዘመን የወጣውን የኢሙሌተሩን ቀደምት ዕትም ከአዘጋጆቹ ከራሳቸው ማኅደር መውሰድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ዶስቦክስ የተባለው የዶስ ኢሙሌተር በ2010 የወጣው 0.74 ዕትሙ በኤክስፒ ላይ የሚሠራ ሲሆን፣ ለዶስ ዘመን የአማርኛ ፕሮግራሞች ከሁሉ አስቀድሞ ሊሞከር የሚገባው እርሱ ነው።

አሮጌ ሥርዓትን ለማስነሣት ቨርቹዋል ማሽንም ስለሚያገለግል፣ እዚህ ላይ ኢሙሌተርንና ቨርቹዋል ማሽንን መለየት ያስፈልጋል። ኢሙሌተር የሌላውን ፕሮሰሰር ሥራ ሙሉ በሙሉ በሶፍትዌር ሲያስመስል፣ ቨርቹዋል ማሽን ግን የራሱን የማሽኑን ፕሮሰሰር ለእንግዳው ሥርዓት ያካፍላል፤ ለዚህም ኢንቴል ቪቲ-ኤክስ፣ ኤኤምዲም ኤኤምዲ-ቪ ብለው የሚጠሩት የፕሮሰሰር ድጋፍ አለ። ቨርቹዋልቦክስ የተባለው ታዋቂ ፕሮግራም ከ6.0 ዕትሙ ጀምሮ በ32 ቢት ዊንዶውስ ላይ መጫን አቁሟል፤ ከ6.1 ጀምሮ ደግሞ ያለዚህ የፕሮሰሰር ድጋፍ እንግዳውን ሥርዓት አያስነሣም። ድጋፉ በፕሮሰሰሩ ውስጥ እያለም ባዮስ በተባለው የማሽኑ መነሻ ማስተካከያ ውስጥ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል።

በዚህ ነጥብ ላይ መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ የሚሠራ ባለሙያ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የባዮስ ማስተካከያና የማሽኑ ሰዓት መብራት በሌለበት ጊዜ የሚጠበቁት በማዘርቦርዱ ላይ በተሰካች፣ ሲአር2032 በምትባል ክብ ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስታልቅ ማሽኑ ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ማስተካከያው ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ትናንት የተከፈተው የቪቲ-ኤክስ ድጋፍ ዛሬ ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል፤ ሰዓቱም ብዙ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሰዓቱ የተሳሳተ ኮምፒውተር ደግሞ የድረ ገጾችን የደኅንነት ማረጋገጫ ጊዜው ያልደረሰ ወይም ያለፈ አድርጎ ስለሚቆጥር ፕሮግራም ለማውረድ ይቸገራል። ትናንት ይሠራ የነበረ ቨርቹዋል ማሽን ከመብራት መጥፋት በኋላ አልነሣ ካለ፣ ሶፍትዌሩን ከመወንጀል በፊት የማሽኑን ቀን ማየት ይገባል።

የጎደለ ፋይል መልእክት በሚወጣበት በሁለተኛው መልክ የሚጠቀሱት ፋይሎች ዲኤልኤል የሚባሉት፣ ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙባቸው የዊንዶውስ ክፍሎች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ የሚለው አጋዥ ጥቅል ስለሆነ፣ ጥቅሉን በሙሉ ከማይክሮሶፍት ወስዶ መጫን ይበቃል። የጎደለውን አንድ ፋይል ብቻ ካልታወቀ ድረ ገጽ አውርዶ በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ መጣል ግን ቫይረስን ከማስገባቱም በላይ፣ የ32ና የ64 ቢት ፋይሎችን በማደባለቅ አዲስ ብልሽት ይፈጥራል። አንዳንድ ጊዜም ፋይሉ የጠፋው አንቲቫይረሱ አንሥቶት ነው፤ ስለዚህ የአንቲቫይረሱን የማቆያ ዝርዝር ማየት ከምርመራው አይቀርም። በደካማ ኔትወርክ የወረደ ፕሮግራም ተቆርጦ ሊቀር ስለሚችልም፣ መጠኑንና ሃሽ የሚባለውን የፋይሉን መለያ ቁጥር አዘጋጆቹ ካሳወቁት ጋር ማነጻጸር ብዙ ድካም ያስቀራል።

ሦስተኛው መልክ፣ ማለትም ተከፍቶ ወዲያው መዘጋት፣ ከሁሉም የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል። ዋነኛው ተጠርጣሪ ግራፊክሱ ነው። ብዙ ኢሙሌተሮች ስዕላቸውን የሚያወጡት ኦፕንጂኤል ወይም ዳይሬክትኤክስ በሚባሉ የግራፊክስ መንገዶች ሲሆን፣ የስክሪን ካርዱ ድራይቨር ያልተጫነለት ዊንዶውስ ከኦፕንጂኤል የሚያቀርበው እጅግ አሮጌውን 1.1 ዕትም ብቻ ነው። በዶስቦክስ ከሆነ በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ የስዕሉን መውጫ ሰርፌስ ወደሚባለው ቀላል መንገድ መመለስና ሙሉ ስክሪንን መዝጋት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ማስተካከያ ፋይሉ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ስለሚችልም፣ ስሙን ለውጦ ወደ ጎን ማኖርና ፕሮግራሙ አዲስ እንዲፈጥር ማድረግ ይጠቅማል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ኤስኤስኢ2ን የመሰሉ ትእዛዞች ናቸው፤ እነዚህ እ.ኤ.አ. በ2000 ከፔንቲየም 4 ጋር የመጡ የፕሮሰሰር ትእዛዞች ስለሆኑ፣ ከእርሱ የቀደመ ማሽን ለእነርሱ የተዘጋጀን ፕሮግራም ሳያስጠነቅቅ ይጥለዋል። ሦስተኛው ለአማርኛ ተናጋሪ የቀረበ ነው፤ የተጠቃሚው ስም ወይም ፎልደሩ በግዕዝ ፊደል ከተሰየመ፣ ዩኒኮድን የማያውቅ አሮጌ ፕሮግራም መንገዱን ማንበብ ስለማይችል የራሱን ፋይሎች አያገኝም። ኢሙሌተሩንና ሰነዶቹን በዲስኩ ሥር በላቲን ፊደል አጭር ስም ወዳለው ፎልደር ማዛወር ይህን ያስወግዳል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ኢሙሌተሩ ከነጭራሹ አያስፈልግም። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ የዶስ ፕሮግራሞችን ማስኬጃ ክፍል የለውም፤ ባለ 32 ቢቱ ግን አለው። ስለዚህ አሮጌ የኤክስፒ ማሽን የዶስ አማርኛ ፕሮግራምን በቀጥታ ሊከፍት ይችላል። ቪስታና ዊንዶውስ 7 በአዲሱ የግራፊክስ ድራይቨር ሥርዓታቸው ዶስን በሙሉ ስክሪን ስለማያሳዩ፣ ፊደሉን በስዕል መልክ የሚያወጣ ፕሮግራም በእነርሱ ላይ ይከለከላል። ብዙዎች ለመጣል የሚቸኩሉለት ማሽን ለዚህ ሥራ ከአዲሱ ሊበልጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ስላቆመ ግን፣ እንዲህ ያለው ማሽን ከኢንተርኔት ተለይቶ መቀመጥ አለበት።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሙያተኛውን ከሞካሪ የሚለየው ሥርዓት ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፤ ከለውጡ በፊትና በኋላ የታየው በወረቀት ይጻፋል፤ ያልሠራው ለውጥ ወደነበረበት ይመለሳል። ሦስት ነገር በአንድ ላይ ለውጦ የተሳካለት ሰው ችግሩን ቢያስወግድም ምክንያቱን አላወቀም፤ ምክንያቱን ያላወቀ ደግሞ በሚቀጥለው ማሽን ላይ ከዜሮ ይጀምራል። በጽሑፍ የተያዘ ምርመራ ግን የሚቀጥለውን ባለሙያ ያስተምራል፤ ዳገቱን ወጥቶ ደብረ ብርሃን የሚያደርሰውንም መንገድ ያስቀራል።

ኢሙሌተሩ ከተከፈተ በኋላ ሥራው አላለቀም፤ ዋናው ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። ዶስቦክስ በመሠረቱ ለጨዋታ የተሠራ ስለሆነ ኅትመትን አያግዝም፤ ዶስቦክስ-ኤክስ የተባለው ቅርንጫፉ ግን ያግዛል። ይህም ካልተቻለ በዶስቦክስ ገጹን ኮንትሮልና ኤፍ5ን በመጫን በስዕል መልክ ይዞ በዩኒኮድ እንደገና መተየብ ይቻላል። በፓወር ግዕዝም ሆነ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈው ወደ ዩኒኮድ ሲቀየር ከዋናው ጋር ፊደል በፊደል መተያየት አለበት፤ የተለወጠው ቅጂ ተመሳክሮ ትክክል እስኪሆን ድረስም ዋናው ፋይል አይጠፋም። በየከተማው አሮጌ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ባለሙያዎች ፎርማት ከማድረጋቸው በፊት በማሽኑ ውስጥ ምን የአማርኛ ጽሑፍ እንዳለ ባለቤቱን ይጠይቁ፤ ባለቤቶችም የቀድሞ ዲስኮቻቸውን ማሽኖቹ በሕይወት ሳሉ አምጥተው ያስገልብጡ። ይህ ሥራ የሚፈልገው አዲስ ማሽን ሳይሆን ጥንቃቄና ጊዜ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ዲስኮቹ ገና በሚነበቡበት በአሁኑ ዘመን ነው።