ካምቢዮና ብልሃት

ወጣቶች ሆይ፤ የስፖርት መኪና ኦቶማቲክ ካምቢዮዋን አስነቅሎ በእጅ የሚቀየር ማስገጠም በውጭ አገር የታወቀ ልማድ ነው። ቶዮታም አዲሲቱን ሱፕራ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በኦቶማቲክ ብቻ ካወጣት በኋላ፣ ወዳጆቿ ስለ ጠየቁ በ2022 የእጅ ማርሽ ጨምሮላታል።

ሥራው ቀላል አይደለም። ፍሪሲዮኑ ከነፔዳሉ ይገጠማል፤ ኮምፒዩተሯም እንደገና ይስተካከላል። ይህን በገዛ እጁ የሚሠራ ሰው ሙያ ይማራልና ምስጋና ይገባዋል። ለታይታ የሚያስገጥም ግን ዘንጉን እንጂ ብልሃቱን አልገዛም።

ብልሃቱ ምን እንደሆነ የአገራችን ቁልቁለት ያስተምረናል። ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ የሚወስደው መንገድ በጉና ተራራ ወገብ ያልፋል። አስተዋይ የጭነት መኪና ሾፌር ቁልቁለቱን ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ያስገባል፤ ሞተሩ መኪናውን ይይዝለታል፤ ፍሬኑም ግሎ አይከዳውም። ኦቶማቲክም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ አለው፤ አስቀድሞ የሚያስብ ይጠቀምበታል። የማያስብ ግን ሦስት ፔዳል ቢደረደርለትም የተሳፋሪ ነፍስ ያስጠፋል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ካምቢዮ በገንዘብ ይለወጣል፤ አስተዋይነት ግን በትምህርትና በልምድ ካልሆነ በጋራዥ አይገጠምም።