ሙታኑ ቃላቸውን ሲሰጡ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በአሜሪካ ገጠር «የታወቀ ዜጋ» ለመባል ጥቂት ገንዘብ መያዝና የመጽሐፍ ወኪል ሲመጣ ቤት መገኘት ይበቃ ነበር። ከ1870ዎቹ ጀምሮ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የካውንቲ ታሪክ አሳታሚዎች ወኪሎቻቸውን በየመንደሩ ያሰማሩ ነበር። ወኪሉ ገበሬውን፣ ባለሱቁን፣ ጠበቃውን፣ ሐኪሙን አስቀድሞ ያስፈርማል። ለፈረመው ሰው ከየት እንደመጣ፣ ስንት ኤከር መሬት እንዳለው፣ ማንን አግብቶ ስንት ልጅ እንደወለደ፣ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን አባል እንደሆነ በአንድ አንቀጽ ይጻፍለታል። ጨመር አድርጎ የከፈለ ደግሞ ምስሉ በብረት ተቀርጾ ይታተምለታል። በኢሊኖይ ግዛት የምትገኘው የፉልተን ካውንቲ በ1879 የወጣላት ታሪክ ከ1000 ገጽ በላይ ነው። በእንዲህ ዓይነት የሕይወት ታሪኮች ውስጥ ባልንጀራውን ያከሰረ ወይም ሚስቱን ያስለቀሰ የተከበረ ሰው ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። በእኛ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሰምቶ የሚያውቅ አንባቢ ቃናውን ወዲያው ይለየዋል፤ ሟች ሁሉ ደግ፣ ሟች ሁሉ ሰው አክባሪ ነው።

የኤድጋር ሊ ማስተርስን የግጥም መጽሐፍ «ስፑን ሪቨር አንቶሎጂ» ለእነዚያ ወፋፍራም መጻሕፍት እንደተሰጠ መልስ አድርጌ ነው የማነበው። ማስተርስ በ1868 በካንሳስ ተወልዶ ያደገው በሁለት የኢሊኖይ ትንንሽ ከተሞች፣ በሜናርድ ካውንቲዋ ፒተርስበርግና በፉልተን ካውንቲዋ ሉዊስታውን ነው። አባቱ ጠበቃ ነበር፤ እሱም ጠበቃ ሆኖ ቺካጎ ገባና ከስመ ጥሩው ጠበቃ ክላረንስ ዳሮው ጋር በሽርክና ለዓመታት ሠራ። ዊልያም ማሪየን ሪዲ የተባለ የሴንት ሉዊስ መጽሔት አዘጋጅ የጥንት ግሪኮችን አጫጭር ግጥሞች፣ የመቃብር ላይ ጽሑፎቻቸውንም ጭምር የያዘ መድበል አስነበበው። ነገሩ የተጸነሰው ያኔ ነው። ከግንቦት 1914 መጨረሻ ጀምሮ የአንዲት ትንሽ ከተማ ሙታን ዌብስተር ፎርድ በሚል የብዕር ስም በሪዲ መጽሔት ላይ መናገር ጀመሩ። መጽሐፉ በ1915 ወጣ፤ በ1916 ሌሎች ሙታን ተጨመሩበት፤ ለግጥም መጽሐፍ ባልተለመደ ሁኔታም ተቸበቸበ።

የመጽሐፉ አሠራር ቀላል ነው። ከመግቢያው ግጥም በኋላ በኮረብታው ላይ የተቀበሩ ከ200 በላይ ሰዎች ተራ በተራ ስለራሳቸው ይናገራሉ። ባንኩን የያዘውም፣ የከተማው ሰካራምም የሚደርሳቸው አንድ ገጽ ገደማ ነው። የካውንቲው ታሪክ ቦታ የሚያድለው በገንዘብ ነበር፤ እዚህ ግን ለሁሉም እኩል ተሰፍሯል። «ሙት ወቃሽ አትሁኑ» የሚለው ምክርም አይሠራም፤ ወቃሾቹ ሙታኑ ራሳቸው ናቸው። ቼስ ሄንሪ የተባለው ሰካራም ሲሞት ቄሱ በተቀደሰ መሬት አይቀበርም ብሎ ከለከለ፤ ፕሮቴስታንቶቹ እልህ ተጋብተው ቦታ ገዙለት፤ አሁን ከአንድ ባንከኛ ጎን ተጋድሟል። ሆድ ፑት ደግሞ ድህነት ሲያንገፈግፈው መንገደኛ ሊዘርፍ ወጥቶ ሳያስበው ገደለና ተሰቀለ። ጎረቤቱ ቢል ፒየርሶል ከነባሮቹ ሕንዶች ጋር ነግዶ የበለጸገ፣ በኪሳራ ሕግ ተጠልሎ ደግሞ ይበልጥ የከበረ ሰው ነው። ፑት በእሱ ቤት ዝርፊያውም አንድ ዓይነት ኪሳራ ማወጅ ነው፤ ሁለቱም በየፊናቸው በሕጉ ተጠቅመው ጎን ለጎን ተኝተዋል።

ይህን የጻፈው ጠበቃ መሆኑ ያስታውቃል። ማስተርስ ሰው ሲያነጋግር እንደ ምስክር ነው የሚያነጋግረው፤ ቃሉን ተቀብሎ ሌላውን ይጠራል። መጽሐፉ ከፍ የሚለው ሁለት ቃሎች ሲጋጩና ደራሲው ጣልቃ ሳይገባ ሲቀር ነው። ኖውልት ሆሃይመር በእርስ በርሱ ጦርነት፣ በሚሽነሪ ሪጅ ውጊያ የወደቀ ወታደር ነው፤ ሐውልቱ ላይ ስለ አገር መሞቱን የሚናገር የላቲን ጽሑፍ ተቀርጾለታል። እሱ ግን ጥይቱ ሲመታው የከርል ትሬነሪን አሳማዎች ሰርቆ ወደ ጦር ሜዳ ከሚሸሽ ይልቅ እስር ቤት በገባ ይሻለው እንደነበር ይነግረናል፤ የላቲኑም ትርጉም አልገባውም። አንባቢ «ጀግና የተባለው ሌባ ነበር» ብሎ ፋይሉን ሊዘጋ ሲል ሊዲያ ፐኬት ትነሳለች። አሳማውን መስረቁንም፣ የእስር ማዘዣው መምጣቱንም አትክድም፤ የዘመተው ግን በዚያ ምክንያት አይደለም። ከሌላ ወንድ ጋር አግኝቷት ተጣልተው ነው። ማን ልክ ነው? እሱ አሳማ ይላል፣ እሷ ፍቅር ትላለች፤ ከሁለቱ የሚበልጥ ኩራት ያለበት የእሷ ቃል መሆኑን ደግሞ ልብ ይሏል። ሐውልቱን ያቆመውን ሰው ማንም አልጠየቀውም።

የፓንቲየር ባልና ሚስትም እንዲሁ ናቸው። ጠበቃው ቤንጃሚን ሚስቴ ደሜን መጥጣ ጣለችኝ፣ ቢሮዬ ጓዳ ውስጥ ከውሻዬ ጋር እየኖርኩ ሞትኩ ይላል፤ አንጀት ይበላል። ሚስቱ ትቀጥላለች፦ የውስኪና የሽንኩርት ሽታ የምትጸየፍ፣ ግጥም የምትወድ ሴት ናት፤ ሕግም ሥነ ምግባርም ከዚህ ሰው ጋር ብቻ ተኚ ብለው አስረዋታል። እሷም አንጀት ትበላለች። ሦስተኛው መድኃኒት ቀማሚው ትሬይነር ነው፤ ለየብቻቸው ደህና የሆኑ ነገሮች ሲቀላቀሉ ክፉ ይሆናሉ ብሎ ያልፋል። ማስተርስ እዚህ ላይ የፍርድ ወንበር ላይ አልወጣም።

ሙሉ መዝገብ ማየት የፈለገ ግን የቶማስ ሮድስን ጉዳይ ይከተል። ሮድስ የባንኩ ፕሬዚዳንትና በቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆን ነው፤ በካውንቲ ታሪክ ውስጥ ቢሆን ከነምስሉ የሚወጣ ሰው። ባንኩ ሲወድቅ እስር ቤት የገባው ገንዘብ ያዡ ጆርጅ ሪስ ነው፤ ሚስቱ ልጆቿን ብቻዋን ለማሳደግ ቀረች። ልጁ ራልፍ ሮድስ ተነስቶ ባንኩን በስንዴ ቁማር ያከሰርኩት እኔ ነኝ ብሎ ያምናል፤ ግን ለአባቱም ጭምር ይገዛ ነበር፤ አባትየው በቤተ ክርስቲያን ክብሩ የተነሳ በስሙ መግዛት አይችልም ነበር። ከሁሉ የሚያመው የኒኮላስ ቢንድል ቃል ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን የሰጠ ሰው ነው። ባንኩ ሲወድቅ ሊያልቅለት ደርሶ ነበር፤ ያ ኦርጋን ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘመርበት ነጻ የተለቀቀው ዲያቆን ሮድስ ሊያመልክ ተገኝቷል። ኦርጋን ለካውንቲው ታሪክ በጎ አድራጎት ነው፣ አንድ መስመር ይሞላል፤ እዚህ የክስ ማስረጃ ሆኗል። ሮድስ ራሱ ሲናገር ደግሞ አይጸጸትም፤ በነጻ አሳቢዎች ያላግጣል፣ እኛ ገንዘብ ፈላጊዎች እስከ መጨረሻው ሙሉ ነን ይላል። ከተማው የሚያነበው ጋዜጣ አዘጋጅ ዊደን እውነትን በክፍያ ሲያጣምም ኖሮ የቆሻሻ ፍሳሽ በሚወርድበት የወንዝ ዳር ተቀብሯል።

ሌላ የምወደው የሕግ ዝርዝር አለ። ቡች ዌልዲ በሮድስ ልጅ ፋብሪካ ውስጥ ሥራው ጠዋት ጠዋት በሚያንገዳግድ መሰላል ወጥቶ ታንከር ውስጥ ቤንዚን መሙላት ነው። አንድ ጠዋት ሌላ ሰው ያልጠፋ እሳት ትቶ ታንከሩ ፈነዳ፤ እግሮቹ ተሰበሩ፣ ዓይኖቹ ጠፉ። ዳኛው ጥፋተኛው የሥራ ባልደረባህ ስለሆነ አሠሪው አይከፍልህም አለው። ይህ ፈጠራ አይደለም፤ በዚያ ዘመን የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የሠራተኛን ካሳ የሚከለክሉበት የታወቀ የሕግ መርህ ነበር፤ ለሠራተኛ የቆሙ ጠበቆችም ደጋግመው የተጋጩት ከዚሁ ጋር ነው። አንባቢን የሚያስጨንቀው ግን ዌልዲ ማን እንደሆነ ነው። ገጣሚዋን ሚነርቫ ጆንስን አስገድዶ የደፈራት፣ በሐኪሙ ሜየርስ እጅ ለመሞት ያደረሳት እሱ ነው። ታዲያ ለማን እንዘን? ሐኪሙ ሊረዳት ብሎ ስሙ ጠፋ፤ ሚስቱ ግን ባሏ ሕግ አፍርሷል ብላ ታምናለች። እንደዚህ ያለ ቋጠሮ በካውንቲው ታሪክ ቀርቶ በብዙ ልቦለድም አይገኝም።

የመጽሐፉ ድካም የሚጀምረው ጠበቃው ዳኛ ልሁን ሲል ነው። የሉዊስታውን አልኮል ይከልከል ባዮች ከማስተርስ አባት ጋር ባላንጣ ነበሩ፤ እዚህ መጽሐፍ ላይ ግብዝ ያልሆነ የመጠጥ ተቃዋሚ ማግኘት ይቸግራል። ዲያቆን ቴይለር ከፋርማሲው ጓዳ በድብቅ ይጠጣል፤ ያስቃል፤ ግን ቂም አለበት። የአባትን ጠላት በግጥም መቅጣት ለልጅ ደስ ይል ይሆናል፤ ለአንባቢ ግን ተከሳሹ ጠበቃ ያልቆመለት ችሎት ይሆንበታል። ሌላው ጉድለት ድምፅ ነው። ባርኔጣ ሠሪዋም፣ ዳኛውም፣ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅም የሚናገሩት በአንድ ደረቅ፣ በተመዘነ፣ ችሎት በለመደ አንደበት ነው። ወደ መጨረሻው ነገሩ እየረቀቀ፣ ሙታኑ ስለ ነፍስና ስለ ዘላለም ማተት ይጀምራሉ፤ ኮረብታው ላይ የምናውቀው ሽንኩርትና አሳማ ጠፋ። «ስፑኒያድ» የተባለው የማሾፊያ ተረክና በ1916 የታከለው ድራማዊ መደምደሚያ ደግሞ ባይኖሩ ምንም አይጎድልም ነበር።

አን ረትሌጅ ለብቻዋ መነሳት አለባት። በ1835 የሞተች፣ አብርሃም ሊንከን ወዷት ነበር የምትባል የኒው ሴለም ልጅ ናት፤ በመጽሐፉ ውስጥ በእውነተኛ ስማቸው ከሚናገሩት አንዷ ነች። ማስተርስ እሷን ሲያናግር ጥርጣሬው ሁሉ ተነነ፤ የአገር አንድነት ከመቃብሯ የሚያብብ ቅድስት አደረጋት። ውጤቱ ምን ሆነ? በ1921 ግጥሙ ፒተርስበርግ ባለው መቃብሯ ላይ በድንጋይ ተቀረጸ። የሐውልት ጽሑፍን ሐሰት ሲያጋልጥ የኖረ መጽሐፍ ራሱ የሐውልት ጽሑፍ ሆነ ማለት ነው። በ1931 ማስተርስ ሊንከንን የሚያብጠለጥል የሕይወት ታሪክ ማሳተሙ ነገሩን ይበልጥ ያወሳስበዋል።

ለሁሉም እኩል ቦታ ሰጠ ያልነው ላይም ጥያቄ አለ። የፔኪኑ ልጅ ዪ ቦው በሰንበት ትምህርት ቤት ኮንፊዩሸስን ትተህ ኢየሱስን ያዝ ይባላል፤ የፓስተሩ ልጅ በቡጢ ጎኑን መትቶ ይገድለዋል፤ ከአባቶቹ አጠገብ አለመቀበሩ ይቆጨዋል። ጥሩ ነው፣ ግን በ200 ሰው መካከል አንድ ነው። ነጮቹ ሲያላግጡበት የኖረው ጥቁሩ ሻክ ዳይ ከቀልድ ወዲያ ብዙ ቦታ አላገኘም። ፒየርሶልን ያበለጸጉት ነባሮቹ ሕንዶች ደግሞ በኮረብታው ላይ ቃል የላቸውም። ከሉዊስታውን ብዙም ሳይርቅ ዲክሰን ማውንድስ የሚባል ጥንታዊ የመቃብር ስፍራቸው አለ፤ ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተቆፈሩ ከ200 በላይ አጽሞች በተቃውሞ ብዛት እስከተዘጋበት እስከ 1992 ድረስ ለጎብኚ ክፍት ነበሩ። የካውንቲው ታሪክ የሚጀምረው ከሰፋሪዎች ነው፤ ማስተርስም በዚህ አልተለየም።

ሉዊስታውን ግን የተጠቀሱትን ለመለየት ጊዜ አልፈጀባትም። ስሞቹ ትንሽ ተቀይረው፣ ሰዎቹ እዚያው ነበሩ፤ አንዳንዶቹ በሕይወት ነበሩ። መጽሐፉ ከከተማዋ ትምህርት ቤቶችና ከቤተ መጻሕፍቷ ለአሥርት ዓመታት ታግዶ እስከ 1974 ቆየ። ጣሊያን ደግሞ በ1943 በፈርናንዳ ፒቫኖ ትርጉም ተቀብላው ዛሬም ድረስ ትወደዋለች፤ ፋብሪዚዮ ደ አንድሬ በ1971 ሙሉ አልበም ሠርቶበታል። የፉልተን ካውንቲን ሰዎች ለማያውቅ አንባቢ ስማቸው ሳይሆን ክርክራቸው ነው የሚቀረው። እንደ ግጥም ከመጀመሪያ ገጽ እስከ መጨረሻ ማንበብም አያስፈልግም፤ ሮድስን፣ ፓንቲየርን፣ ሚነርቫን እንደ መዝገብ እየፈለጉ፣ አንዱ ሌላውን ሲጠቅስ ወደዚያ እየዘለሉ ማንበብ ይሻላል። «ስፑኒያድ»ን የዘለለ ሰው ምንም አይቀርበትም።